ትልቋን ግዢላት

ለልጄ አባት ባለቤት፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይ? ሌሊቱን ሙሉ ስትስዪ እንዳደርሽ ልጅቷ ነግራኛለች። ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ እኔ ደህና ነኝ ብሎ ነው የሚጀምረው፤ እኔ ግን አንቺ ፊት ያን ማለት አይሆንልኝም። የምትሠሪበት ፋርማሲ መጥቼ የሐኪሙን ወረቀት በገዛ እጄ ሰጥቼሻለሁ። አንብበሽው ቀና ብለሽ አላየሽኝም። መድኃኒቱን ላምጣ ብለሽ ወደ ጓዳ ገብተሽ ቆየሽ፤ ስትመለሺ ፊትሽን ታጥበሽ ነበር። መድኃኒቱን ቆጥረሽ ሰጠሽኝ፣ እኔም ተቀብዬ ወጣሁ። ስለዚያ ዝምታሽ አመሰግንሻለሁ። ለአባቷ እንዳልነገርሽውም ከአነጋገሩ ገብቶኛል።

ያልደወልኩት አመሌን ስለማውቀው ነው። ስልክ ላይ እኔና አንቺ ሁለት ቃል ሳንለዋወጥ ድምፃችን ይወፍራል። ይኸው የጌሙ ነገር እንኳ ሁለት ወር ሙሉ አጨቃጨቀን። ከአንድ እስከ አምስት ከወጣች በእጅ የሚያዝ ጌም እንገዛላታለን ብለን ቃል የገባነው ሦስታችንም ነን፤ አራተኛ ወጣች። አባቷ እንደ ልማዱ፣ የትኛው እንደሚገዛ እናንተ ተስማሙ ብሎ የጭነት መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ለእሱ ቀላል ነው። እኛ መች በልጅቷ ፀጉር አሠራር እንኳ ተስማምተን እናውቃለን?

አንቺ ትልቋ ትሁን አልሽ፤ ጆይስቲኮቿ ከግራና ከቀኝ የሚነቀሉት፣ ቴሌቪዥን ላይ ተሰክታ ሁለት ሰው የሚጫወትባት። እኔ ትንሿ አልኩ፤ ቀለል ያለችው፣ ጆይስቲኳም አብሯት የተሠራ፣ ከቴሌቪዥን ጋር የማትገናኝ፣ የደብተር ቦርሳ ውስጥ የምትገባዋ። ምክንያቴ የልጅቷ መንገድ ነው አልኩሽ። አንድ ሳምንት ከአንቺ፣ አንድ ሳምንት ከእኔ፤ ዓርብ በመጣ ቁጥር ያንን ቀይ ሻንጣ እየጎተተች ሁለት አውቶቡስ ትቀያይራለች፤ ሁልጊዜም አንድ ነገር ወይ እናንተ ጋ ወይ እኔ ጋ ረስታ ትሄዳለች። ይህ ውሸት አይደለም። ግን የእናንተ ሳሎን፣ ያ ሰፊ ሶፋ፣ አንቺና እሷ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ስትስቁ ታየኝና ቅናት አንገበገበኝ። እኔ በቁሜ ልጄን ቴሌቪዥንሽ ሥር አትጎልቻትም ብዬ ስልኩን ጆሮሽ ላይ ዘጋሁት። አንቺም መልሰሽ አልደወልሽም፤ ደግ አደረግሽ።

የምሠራበት ላውንደሪ ውስጥ አሁን ካውያው ላይ አያቆሙኝም። አለቃችን ልበ ቀና ሴት ናት፤ ወንበር ሰጥታኝ ፎጣ አጥፋለሁ። ፎጣ ማጠፍ ሥራ ነው ወይ ትይ ይሆናል። ጥቂት አጥፌ የቤት ዕቃ ሳግዝ የዋልኩ ያህል ይደክመኛል። ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ፤ ልጅቷ መጥታ ታወልቅልኛለች። ምነው እማ አትለኝም። አለመጠየቋ ነው የሚያስፈራኝ።

ባለፈው ቅዳሜ እንደምንም ብዬ ሱቅ ወሰድኳት። ሻጩ ሁለቱንም አውጥቶ የባንኮኒው መስታወት ላይ አኖረልን። ትልቋን ስታነሳ ፊቷ ወገግ አለ። ወዲያው ቀና ብላ አየችኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳየች እንጃ፣ መልሳ አስቀመጠቻትና ትንሿ ትሻላለች እማ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ትገባልኛለች አለችኝ። አንጀቴን በላችው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የእናቷን ፊት አይታ ጌም ስትመርጥ እስቲ አስቢው።

ሻጩ ወሬ ይወዳል። ትንሿ መንገድ ለሚያበዛ ሰው ናት፣ ትልቋ ግን አንድ ቤት ለሚረጋ ሰው ናት፣ መቀመጫዋ ቴሌቪዥኑ ሥር ይሆናል፣ እዚያው ትኖራለች አለን። ሰውዬው ዕቃውን ለመሸጥ ነው ያወራው፤ እኔ ግን ደረቴ ላይ ቀረብኝ። እስቲ ትልቋን እንሞክራት አልኳት።

ሻጩ የሱቁ ቴሌቪዥን ላይ ሰካልን፤ እሷ አንዱን ጆይስቲክ ነቅላ ሰጠችኝ። የመኪና እሽቅድምድም ነው። እኔ ደግሞ መኪና የማውቀው በባል ወሬ ብቻ ነው፤ ይህን መቼም ለአንቺ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ግድግዳ ስገጭ፣ ዞሬ ወደመጣሁበት ስነዳ፣ ሻጩ ሳይቀር በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ ከሳቅኩ ቆይቼ ነበር። ከዚያ ክንዴ ዛለ፣ ዓይኔም ብዥ አለብኝ፣ ወንበር አቀረቡልኝ። ቴሌቪዥኑን ስመለከት የእሷ መኪና ቆማለች። ሌሎቹ ሁሉ እያለፏት ይሄዳሉ፣ እሷ መንገድ ዳር ቆማ የእኔን ትጠብቃለች። ለምን አትሄጂም ብላት፣ አብረን እንድንገባ ነው አለችኝ።

ሳንገዛ ወጣን። አንቺ እንድትገዢላት ስለፈለግሁ ነው። ትልቋን ግዢላት፤ መቀመጫዋን ከቴሌቪዥናችሁ ሥር አድርጊላት። ትንሿ ለመንገድ ናት፤ ልጅቷ ደግሞ ከመጪው ወር ወዲያ መንገድ አይኖርባትም። ቀዩንም ሻንጣ ቁም ሳጥን ላይ ስቀዪው። ለእሷ የምነግራት እኔ ነኝ፤ ቃሉ እስኪመጣልኝ ድረስ ታገሺኝ። ለአባቷም እኔው እነግረዋለሁ፤ ብቻ መኪና እየነዳ እንዳይሰማው።

ጠገብኩ ስትልሽ አትመኛት። ጥፍሯን ስትበላ ቁጣ ዋጋ የለውም፤ እጇን ያዥና ሌላ ወሬ አውሪ። ፀጉሯንም እንዳሻሽ ሥሪው፣ በዚህ ተሸንፌያለሁ።

ሁለተኛውን ጆይስቲክ አንቺ ያዢ። መጀመሪያ ላይ መኪናዋን አቁማ ትጠብቅሻለች፤ የደከመ የመሰላትን ጥላ መሄድ አይሆንላትም። አንቺ ግን ለማባበል ብለሽ አትሸነፊላት፣ የምትችይውን ያህል ንጂ። አንድ ቀን ወደ ኋላ ሳታይ ጥላሽ ትበራለች፤ አሸንፋሽም ትስቅብሻለች። ያን ቀን ስለ እኔም ደስ ይበልሽ።

ደብዳቤውን ፋርማሲው መጥቼ በእጅሽ እሰጥሻለሁ፤ ሻንጣዋ ውስጥ ብከተው ሳታነበው አታልፍም። ቤትሽ ሳቅ አይጣ፣ እጅሽ አይዛል፣ ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝመው። ጉንፋኑንም ቶሎ ታከሚው፤ ከእንግዲህ አንቺ መታመም አትችዪም።

የልጅሽ እናት