በአንተ ፈንታ መልሺ አሉኝ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸኝ አሥራ አራት ወር ሆነ። ፎርድስበርግ ያለው የስደት ቤታችን ያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱም ያው አይሠራም። ሩቅ የነበረውን የኦሬንጅ ፋርሙን ሱቅ ሸጬ እዚሁ ሰፈር ተቀጥሬያለሁ። ይኸውልህ፣ አሁን ከመግሪብ ሶላት በፊት ቤት እገባለሁ።

የምጽፍልህ ግን ተናድጄ ነው። ያቺ «የአረጋውያን ጥናት» የምትለዋ ልጅ ባለፈው ሳምንት ደወለች። በኮሮናው ሎክዳውን ጊዜ በስልክ ስትጠይቅህ እኔ ስተረጉም፣ አንተ እንግዳ የመጣ ይመስል ኮፍያህን አድርገህ ቁጭ ያልክላት።

ጥያቄ ተብዬው ደግሞ! ባለፈው ወር ደረጃ መውጣት አስቸግሮህ እንደሆነ ጠየቀች። ኧረ በፍጹም አልክ። ሌላ ምን ትላለህ? ወሩን ሙሉ ከቤት አልወጣህማ! ጤናህ ከመውጣት ከልክሎህ እንደሆነ ጠየቀች፤ የከለከለኝ መንግሥት ነው አልክ። እሷም «በጣም ጤነኛ» ብላ ቅጹ ላይ ሞልታ እንኳን ደስ አለዎት አለችህ። ስንት ዓመት ተምረው ያወጡት ጥያቄ ይኼ ነው። አንተ ፊደል ሳትቆጥር፣ በንግድ ዘመንህ ደንበኛህ ገና ከማዶ ሲመጣ አረማመዱን አይተህ መታመሙን ታውቅ ነበር። በኋላ ሐኪሙ የአባትሽ ልብ ከደከመ ቆይቷል ሲለኝ ያ ቅጽ ትዝ አለኝ።

ብቸኝነት ላይ ስንደርስ ግን እሷን መውቀስ አልችልም። እሷ በደንብ ነው የጠየቀችው፤ ሁልጊዜ፣ አንዳንዴ ወይስ ፈጽሞ ብላ። እኔ ነኝ በሎክዳውኑም ወደማይዘጋው ሱቄ የሚወስደኝ ታክሲ እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ «አባ፣ ብቸኝነት እንኳን አይሰማህም፣ አይደል?» ብዬ ያዞርኩት። ፊቴን አየት አደረግህና «አንቺ እያለሽልኝ? አልሃምዱሊላህ» አልክ። «ፈጽሞ» አልኳት። ጠዋት ወጥታ አንተ ከተኛህ በኋላ የምትመለስ ልጅ እያለችህ!

አሁን ስትደውል ማረፍህን ስነግራት አዝናለሁ አለች። ትንፋሽ እንኳ ሳትወስድ፣ በቅርብ የሚያውቅህ ሰው በአንተ ፈንታ መመለስ እንደሚችል አስረዳችኝ። በመጨረሻዎቹ ወራት ብቸኝነት ይሰማው ነበር? ሁልጊዜ፣ አንዳንዴ፣ ፈጽሞ? አልጠየቅኩትም አልኳት። ይኼ መልስ ምርጫው ውስጥ የለም አለችኝ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት።

አባዬ፣ አላህ ጀነትን ይወፍቅህ። ከዱዓዬ አትለይም። ሰው ስለ አንተ ሲጠይቀኝ ግን ደስ ብሎት ኖረ ብዬ አልመልስም። ቸኩዬ ስለነበር ሳልጠይቀው ሄደ እላለሁ። ይህን እስክሞት አልረሳም።

ልጅህ ሰሚራ