የሙሽሪት ሹፌር

ለውድ የእህቴ ልጅ፣

ሽኮሪና፣ የኔ ስኳር፣ ከመይ ኣለኺ? ደኅና ነሽ ወይ? ባለቤትሽ ባርናባስስ እንዴት ነው? ትንሿ ኤልሻዳይ ጥርስ አወጣች ወይስ ገና በድዷ ነው የምትገዛችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ጨጓራዬ ደኅና ነው፣ ጉልበቴ ደኅና ነው፣ ምላሴም እንደምታውቂው ታሞ አያውቅም። እናትሽም ትቆጣለች፤ ስለዚህ ደኅና ናት።

ጽሕፈቱ ከወትሮው ቀጥ ብሎ ካየሽው አትደንግጪ። በስተርጅና ትምህርት ቤት አልገባሁም። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ የማውቀው በሩን ስበይድ ነው፤ ፊደልም የቆጠርኩት ከዘይት ቆርቆሮና ከመኪና ጎማ ላይ ነው። ይህን ደብዳቤ እኔ እናገራለሁ፣ ሌላ ሰው ይጽፍልኛል። ጸሐፊዬ ስሟ እንዳይነሳ አስምላኛለች። በአማርኛ ያደረግነው ባርናባስም እንዲያነበው ነው። ምክንያቱን ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ፤ እንደ ልጅነትሽ ዘለሽ መጨረሻውን እንዳታነቢ።

ከመስቀል በኋላ ልጅሽን ይዘሽ እንደምትመጪ የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። በሙሽሪት ቁሓ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥቼ እቀበልሻለሁ ብዬሽ ነበር። ለእናትሽም ያኔውኑ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል "እንግዳህን ተቀበል" አለችኝ። እንግዳህን! በገዛ ቤትሽ!

አልፈርድባትም። ስልኩም መንገዱም ተዘግቶ በነበረ ጊዜ ማግባትሽን የሰማችው፣ ስልኩ ሲከፈት ከሰው አፍ ነው። ደጇ ላይ ሽማግሌ አልቆመም። እልል አላለችም። እኔማ "ሽማግሌው በየት በኩል ይምጣ? በሰማይ?" እያልኩ ስንቴ ተከራክሬልሻለሁ። እሷ ግን "ያቺ" ትልሻለች። "ጓለይ" የሚለው ቃል፣ ልጄ የሚለው፣ ከአፏ ከወጣ ቆየ። እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይኸው ነበር፦ ከአውሮፕላኑ ስትወርጂ እኔን ብቻ ቆሜ እንዳታገኚኝ።

ሙሽሪትን በፎቶ እንጂ በአካል አታውቂያትም። ባለ ሦስት እግር ናት። ፊቷ የአሮጌ ሞተር ሳይክል፣ ከወገቧ በታች ሁለት ጎማና እኔ የበየድኩት ሳንዱቅ። ስሠራት ሰንሰለት ከከተማው ጠፍቶ ስለነበር የምትዞረው በቺንጋ ነው፤ ባለወፍጮው ሓድጉ የሰጠኝ፣ ስንቱን ጤፍ ያስፈጨ የላስቲክ ቀበቶ። ሙሽሪት ያልኳት ከሰርግሽ የቀረችብንን ሙሽራ ለመተካት ነው። እናትሽ ይህን ስም ስትሰማ ፊቷን ታዞራለች። ታርጋ ስለሌላት ደግሞ አስፋልት ላይ አትታይም፤ እሷና ትራፊክ ፖሊስ አይተዋወቁም። የሷ አገር ኮረኮንች ነው።

ሽኮሪና፣ ሰንሰለት ይንጫጫል፤ ቺንጋ ግን ያንሾካሹካል። ከእንዳ ኢየሱስ ጀርባ ባለው የጠጠር መንገድ ጠዋት ስትወርጂ፣ ከሥርሽ ያለው ጠጠር እህል ከጆንያ ሲፈስ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ይሰጣል። ክረምቱ አቧራውን አጥቦ ወስዶታል። ግራና ቀኝ ገብሱ ይተኛና ይነሳል። ጥቂት ከሄድሽ በኋላ አንቺ የቆምሽ፣ መንገዱ ራሱ ከሥርሽ እንደ ወንዝ የሚሄድ ይመስልሻል። አንዳንዴ ከዚያ ወንዝ ላይ ባልወርድ እላለሁ።

ችግሩ፣ ቺንጋው ጤዛ ሲነካው ይንሸራተትና እንደ አህያ ይጮሃል። ሓድጉን ብጠይቀው "ሰም ቀባው፤ እኛ ወፍጮ ላይ የምናደርገው እሱን ነው" አለኝ። ሰም ከየት ላምጣ? እናትሽ ሥዕለ አድኅኖው ሥር በነጠላ የጠቀለለችው ጧፍ ነበራት። ለስለት መሆኑን አውቃለሁ። ለማን እንደሆነ ግን አልነገረችኝም፤ "ያቺን" በሰላም ያምጣልኝ ብላ ይሆናል ብዬ ልቤ ደስ ብሎት ነበር። ከዚያ ላይ አንድ እመዛለሁ፣ ቺንጋውን አሻለሁ፤ በማግስቱ ሌላ። ሙሽሪት ጸጥ አለች። እንዲያውም ቺንጋው ሲግል የቤተ ክርስቲያን ሽታ ይሸታል። የማልፋቸው ባልቴቶች ሲያማትቡ እየሰማሁ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ሲያማትቡ እየሰማሁ ነው ያልኩት። ጸሐፊዬ "እያየሁ በል እንጂ፣ ማማተብ ይሰማል?" ብላ አረመችኝ። ይሰማል። "በስመ አብ" ይላሉ።

እንግዲህ አንድ ቀን እናትሽን ሳንዱቁ ላይ ጭኜ ወደ ቁሓ በር ስንሄድ፣ ከፊት ለፊቴ ከአንድ አጥር ሥር ቄስ ቆመው አየሁ። ነጭ የለበሱ፣ ረጅም፣ ዝም ያሉ። ቄስ ቆመው እያየሁ በሞተር አላልፍም። አቆምኩ፣ ወረድኩ፣ ቆቤን አወለቅኩ፣ "አባቴ ይባርኩኝ" ብዬ መስቀል ለመሳለም ጎንበስ አልኩ። መስቀሉ አይመጣም። ትንሽ ቀረብኩ። አሁንም የለም። እዚያ ጎንበስ ብዬ ስቆይ እናትሽ ከኋላዬ መጣችና ክንዴን ያዘችኝ።

"ሓወይ፣ ወንድሜ፣ የተሰጣ ጋቢ ነው" አለችኝ።

እስቃለሁ ብዬ ጠበቅኩ። እሷም ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ። ነፋሱ ጋቢውን አንዴ ፊቴ ላይ አደረገውና መለሰው፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ሁለታችንም አልሳቅንም። በፍጥነት "ቀልዴን ነው፣ ጋቢውን እየባረክሁት ነው" ብላት "አውቃለሁ" አለችኝ። ቀልዱን ማለቷ እንዳልሆነ ገባኝ።

ቤት ስንደርስ ጥቅሉን ፈታች። ከጧፉ የቀረው ጥቂት ነበር። "ሌላው የት ሄደ?" አለች። መዋሸት አልቻልኩም፤ ሙሽሪት ራሷ ግቢ ውስጥ ቆማ እንደ ቅዳሴ ትሸት ነበር። "ለልጅሽ መምጫ የተሳልሽው መስሎኝ፣ ለልጅሽ መቀበያ አዋልኩት" አልኳት። መቼም ምጣድ ላይ የተጣደች ድንች እንኳ እንደሷ ስትጨስ አላየሁም። "ዋይ ኣነ! ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ በሩን ትተህ ግድግዳውን ስትገፋ የማላይህ መስሎህ ነው? ስለቱ ላንተ ዓይን ነበር! የራስህን ዓይን አንተው በጎማ ፈጨኸው!" አለችኝ። ከዚያ ተቀመጠች። ከዚያ ሳቀች። የሳቋን ድምፅ ረስቼው ነበር፤ ሽኮሪና፣ ካንቺ ሳቅ ጋር አንድ ነው።

ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። የዓይን ግፊት ነው ተባልኩ። የሄደው ብርሃን አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እንጠብቃለን አሉኝ። ጠብታውን ጠዋትና ማታ የምታደርግልኝ እናትሽ ናት፤ እንደ ጥጃ አገጬን ይዛ። አትዘኚ። ከፊት ለፊቴ ያለው ሁሉ ጭጋግ ውስጥ እንዳለ ማለዳ ነው፤ ማለዳ ደግሞ ሁልጊዜ እወዳለሁ።

የሙሽሪትን ቁልፍ ግን ወሰደችብኝ። አንገቷ ላይ፣ ከማዕተቧ ጋር አሰረችው። ከሁሉ የከፋው ይኸ ነበር። ያን ሰሞን ብዙ አላወራሁም፤ እኔ! "እንግዳዬን ማን ያመጣልኛል?" አልኳት በመጨረሻ። "ባጃጅ ሞልቷል" አለች። "የእህቴን ልጅ በኪራይ አልቀበልም፤ በእግሬ እሄዳለሁ፣ የተሰጣ ጋቢ ሁሉ እየተሳለምኩ" አልኳት። በማግስቱ ጠዋት ግን ከግቢ "ይህ ፍሪሲዮን የምትለው የትኛው ነው?" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

አስተማርኳት። እግዚአብሔር ይይላት፣ መጀመሪያ የሓድጉን ዶሮዎች በታተነች። ማርሽ ስትቀይር ሙሽሪትን "በይ እንጂ፣ በይ የኔ እናት" እያለች ትለምናታለች። ኮረኮንቹ ላይ ግን ጎበዝ ናት፤ ድንጋዩን ሁሉ አንድ በአንድ የምታውቀው ይመስል ታልፈዋለች። እኔ ከኋላ ሳንዱቁ ውስጥ እቀመጣለሁ። ቺንጋው ሲላላ በጆሮዬ ለይቼ እነግራታለሁ፤ እሷ ደግሞ የምታየውን ትነግረኛለች። "ገብሱ ቢጫ ሊሆን ነው። አንዲት ሴት ባልዲ ይዛ ቆማለች። አደይ አበባ ወጥቷል።" እንዲህ ብዙ ቃል ከእናትሽ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማት፣ የኔ ማለዳ ጭጋጉ ተገፍፎ ገብስ ይሞላል።

ባለፈው ሳምንት የአውሮፕላን ማረፊያው አጥር እስኪታይ ድረስ ሄድን። ሞተሩን አጠፋች። አንድ አውሮፕላን ከላያችን ወረደ። ቺንጋው ይበርዳል፣ ሰሙ ይሸታል። ቆየችና "ከዚህ ሆነው የሚወርደውን ሰው ይለዩታል?" አለችኝ። "እኔን ነው የምትጠይቂው?" አልኳት። "ተወው፣ እኔ እለያታለሁ" አለች። እለየዋለሁ አላለችም። እለያታለሁ ነው ያለችው።

ሳንዱቁ ላይ ትንሽዬ ለስላሳ የበግ አጎዛ አንጥፋለች። "ለወገብህ ነው" ትላለች። ወገቤ ግን ያን ያህል ትንሽ አይደለም።

እንግዲህ ስትመጪ እኔን ከሹፌር ወንበር ላይ አትፈልጊኝ። ከኋላ ነኝ። ባርናባስንም ለሽማግሌ አልረፈደም በይው፤ ሁለት ሽማግሌ ይዞ ደጃችን ይቁም፤ ሽማግሌዎቹን ከጋቢ የምትለይልኝ ሰው አለችኝ። ይህን ስል ብዕሩ ቆሞ ነበር። አሁን እንደገና ሲንቀሳቀስ ሰማሁት።

ጉዞሽን የጥጥ ያድርግልሽ። ኤልሻዳይን እንደ ገብስ ያሳድግልሽ። ጎጇችሁ ሰም እንደ ተቀባ ቺንጋ ይሁን፤ ይዙር፣ አይጩህ። የዓይኔን ቅሪት ፊትሽ ላይ ያሳርፍልኝ።

የሚወድሽ አጎትሽ፣ ከነሹፌሩ
መቐለ

ጓለይ፣ ሕፃኗን ደኅና አድርገሽ ሸፍኛት። ቁሓ ላይ ነፋስ አለ።