ልዕልት የተባለችው ድመታችን ለሕዝብ ጥቅም ስለ መወረሷ

ለጓድ ግዛቸው፣
የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣
አዲስ ከተማ፣ አዋሳ

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። ይልቁንም ሳልዎ እንዴት ነው? ሳምንቱን ሙሉ ደህና ሰንብቶ፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ባለቤቴ ባህሩ በሩን ዘግቶ ጫማውን ሲያወልቅ ብቻ የሚነሣብዎት ያ ክፉ ሳል እንዲለቅዎት፣ ጉሮሮዎም ለመድረክ ንግግር እንዲተርፍ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ግን ደህና አይደለሁም። ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል፤ እርስዎ ደግሞ ውሸት እንደማይወዱ በየስብሰባው ነግረውናል።

ይህን ደብዳቤ በቀበሌው የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ለመለጠፍ የደፈርኩት፣ ራስዎ መድረክ ላይ ቆመው ሂስ ያለው ሰው በጓዳ አይንሾካሾክ፣ በአደባባይ ይጻፍ ስላሉ ነው። ይኸው ጻፍኩ። ለማያውቀኝ አንባቢ፣ ብርሃነሽ እባላለሁ፣ ፒያሳ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነኝ። ባህሩ ከከተማ ውጭ በመንግሥት እርሻ የትራክተር መካኒክ ስለሆነ ቤቱ የሚገባው ቅዳሜ ነው፣ ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ይመለሳል። እርስዎ ደግሞ የግድግዳ ጎረቤታችን ነዎት። ግድግዳ ማለቴ እንኳ ማጋነን ነው፤ አንዱን ቪላ ለሁለት አባወራ ሲያካፍሉ መሐሉ ላይ ያስመቱት ስስ ጣውላ፣ ኮምፔንሳቶ እኮ ነው። እኛ ሽንኩርት ስንከትፍ እናንተ ቤት ዓይን ያለቅሳል።

ልዕልት ድመታችን ናት። ገና ዓይኗን ሳትገልጥ ባህሩ ከሐይቁ ዳር፣ ዓሣ ከሚያራግፉበት፣ በቱታው ኪስ አድርጎ ያመጣልኝ ናት። አንድ አመል አለባት፤ ሁለት ሰው ገብቶ የዘጋውን በር አትወድም። ውጭ ከቀረች በሩ ሥር ተቀምጣ እስኪከፈትላት ለቅሶ ቤት እንደ ደረሰች ሴት ትጮኻለች። ውስጥ ከቀረች ደግሞ የአልጋው ራስጌ ላይ ትወጣና፣ ጅራቷን ጠቅልላ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ታየናለች። ድመት ያለው ባለትዳር ሁሉ ይህን ያውቀዋል፣ አያወራውም እንጂ። ባህሩ ዓይነ አፋር ነው፣ ድመት ፊት እንኳ ያፍራል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ እናስወጣታለን። ወንጀላችን ይህ ነው።

እንግዲህ ተራ ቁጥር የሌለው አቤቱታ በጽሕፈት ቤትዎ እንደማይታይ ስለማውቅ፣ በደሌን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ድመቷ ስትጮኽ እርስዎ ሳሉ። እሺ፣ ይሁን፣ ሰው ያስለዋል። ነገር ግን ሰኞ ጠዋት በቀበሌው ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለ፣ ባርኔጣዎን ከፍ አድርገው፣ ጎላ ባለ ድምፅ፣ «ጓዲት ብርሃነሽ፣ ድመቷ ደህና ናት?» ብለው ጠየቁኝ። ሰልፉ መሣቅ ጀመረ። በሚቀጥለውም ሰኞ ጠየቁኝ፣ ከዚያ በኋላማ ሰላምታዎ ሆኖ ቀረ። ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ሽቦ አድርጌ የምውል ሴት ነኝ። በዚህ ከተማ ማን ለማን ምን እንደሚል፣ ማን በማን እንደሚያለቅስ፣ ማን ሚስቱን ስብሰባ አለብኝ ብሎ ወዴት እንደሚደውል እሰማለሁ፣ እውጠዋለሁ፣ ቤቴም እገባለሁ። አንድ ቀን አንድ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። እርስዎ ግን አንዲት ድመት ሰምተው ከተማውን ጠሩበት።

ሁለተኛ፦ ልዕልትን ማስወጣት በእርስዎ ሳል ምክንያት ስላስፈራን፣ አንድ ቅዳሜ ውስጥ ትቅር ብለን ተውናት። እሷ ምን ታድርግ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር የሚንቀሳቀሰው የባህሩ አውራ ጣት አይጥ መስሏት ዘልላ ያዘችው። ባህሩ ጮኸ። ማንም ቢሆን ይጮኻል። እርስዎም ይህን ጩኸት ሰምተው፣ ምንም እንኳ ቤትዎን ከቤታችን የሚለየው አንድ ጣውላ ቢሆንና እንዴ ምን ሆናችሁ ማለት ይበቃ የነበረ ቢሆንም፣ ከነጠመንጃቸው ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች አስከትለው በሩን ገፍተው ገቡ። በቀን መጋረጃ የሚዘጋ ቤት ውስጥ ድብቅ ስብሰባ ይኖራል ብለው አልጋችንን አስነሡ፤ ሥሩ የተገኘው የእኔ ነጠላ ጫማ ነበር። ባህሩ ጋቢ ተከናንቦ፣ ጣቱ እየደማ፣ ጥግ ላይ ቆሞ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ያንን አንገቱን አልረሳውም። እርስዎ ግን ወጥተው ሳይጨርሱ ሣቁ፣ እኔም ሰማሁ፣ ግድግዳው ኮምፔንሳቶ ነዋ!

ሦስተኛ፦ በማግስቱ እሑድ፣ ስለ ውሃ ቦኖው ከተነጋገርን በኋላ፣ የእኔና የባሌ አልጋ «ልዩ ልዩ» በሚለው አጀንዳ ሥር ለጠቅላላ ጉባኤ ቀረበ። ከቱላ የመጡት አባታችን አቶ ታምሩ ተነሥተው፣ ድመት ድሮም ትጮኻለች፣ ባልና ሚስትም ድሮም በር ይዘጋሉ፣ እባካችሁ ወደ ሌላ እንለፍ ቢሉ፣ አድኃሪ አስተሳሰብ ነው ብለው አስቀመጧቸው። ሽማግሌን! ከዚያም ልጅ የሌለው ቤት አይጥ የሚበላው ምን ስላለው ነው፣ ለእንዲህ ያለ ቤት ድመት ትርፍ ንብረት ነው፣ ስለዚህ ለሕዝብ ጥቅም ወደ ሱቁ መጋዘን ትዛወር ብለው እጅ አስወጡ። እጅ ወጣ። ስሟም የወደቀውን ሥርዓት ያስታውሳል ተብሎ «ታታሪ» ተባለች። እስከ ዛሬ በዚህ ስም ሲጠሯት ዞራ አታይም። እኔንም ግለሂስ አድርጊ አሉኝ። ምን ብዬ? ባሌን ስለምወድ ይቅርታ ልበል?

ልጅ የሌለው ቤት ያሉትን ግን ይቅር አልልዎትም። ልጅ የሚመጣው በየት በኩል እንደሆነ ለእርስዎ ማስረዳት የእኔ ድርሻ አይደለም፤ መንገዱን ግን እርስዎ ቆመውበታል።

አራተኛ፦ ከዚያ እሑድ ወዲህ ባህሩ አልመጣም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከእርሻው ይደውላል፣ መስመሩን የማገናኘው ራሴ ነኝ። ሥራ በዝቶብኛል ይላል። ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ሥራ የበዛበት ሰው ድምፅ አይደለም፣ ያፈረ ሰው ድምፅ ነው። በዚያ ሰልፍ መሐል ማለፍ አቅቶታል። ባሌ ናፍቆኛል፣ ጓድ ሊቀመንበር። ይህን በአደባባይ ስጽፍ የሚያፍር ካለ እርስዎ ይፈሩልኝ፣ እኔ ጨርሻለሁ።

ምስጋናም አለኝ፣ ሰው ውለታ ቢስ እንዳይለኝ። ለኮምፔንሳቶው አመሰግናለሁ፤ ያለ እሱ መሪያችን ምን ያህል ለሕዝቡ ጆሮ እንደሚሰጡ ባላወቅሁ ነበር። ስለ መሠረተ ትምህርት ዘመቻውም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ባለቤትዎ ወይዘሮ እህተማርያም ፊደል ቆጥረው የምስክር ወረቀት ተቀብለዋል፣ ዛሬ የግድግዳ ጋዜጣችንን ጣታቸውን እያስከተሉ ያነባሉ። ቀበሌያችን ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ እኔ የማደንቀው ይህንን ነው።

የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ልዕልት ወደ ቤቷ ትመለስልኝ። እርስዎም በዚያው መድረክ፣ በዚያው ጉባኤ ፊት ቆመው፣ የባልና ሚስት በር አጀንዳ አይደለም የሚለውን አንድ ዐረፍተ ነገር ይናገሩልኝ፤ እኔ በስልክ ለባህሩ አሰማዋለሁ፣ ያን ጊዜ ይመጣል። ይህ ቢከብድዎት፣ ሳሉ እንዳለ ሆኖ፣ ለሳሉ አንድ የተወሰነ ቀን ይመደብለትና እኛ በሌላው ቀን እንጠቀም።

እንግዲህ ጆሮዎ እንደ ሰፋ፣ ግድግዳዎም እንደ ሳሳ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ በፊትዎ እጅ ነሥቼ፣ ከኋላዎ ግን እንደ ሌላው ሰው እየሣቅሁ፣

በአክብሮት የምሰናበትዎ፣
ያለ ድመትና ያለ ባል የቀረችው ጎረቤትዎ
ብርሃነሽ
ኅዳር 1973 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ከላይ ያለውን ጽፌና ፈርሜ ካበቃሁ በኋላ ትናንት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር ሆነ። ስኳር መጥቷል ተብሎ ሰልፍ ይዘን ነበር። ሱቁ ላይ «በቆጠራ ምክንያት ተዘግቷል» የሚል ተለጥፏል። የመጋዘኑ በር ገርበብ አለና፣ በደንብ የተቦረሸ፣ ሁላችን የምናውቀው ጥቁር ጫማ ልዕልትን ቀስ አድርጎ ወደ ውጭ ገፋት፣ በሩም ከውስጥ ተቀረቀረ። እሷም እንደ አመሏ በሩ ሥር ተቀመጠችና ለቅሶዋን ጀመረች። ወይዘሮ እህተማርያም ከነከረጢታቸው ከፊቴ ቆመው ነበር፤ «ይቺ ድመት ምን ሆና ነው?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም እኔን አየ። እኔም እንደ ሥራዬ ዋጥሁት። ግን እሳቸው ሞኝ አይደሉም፤ ጥቂት አዳመጡና፣ ደብዳቤ መጻፌን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ ነበርና፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ያን ደብዳቤሽን ስትለጥፊ በጉልህ ጻፊልኝ፣ ዓይኔ ደከም ብሏል» አሉኝ። ሁሉንም እንደገና የገለበጥሁት፣ ፊደሉም የተለቀው ስለዚህ ነው።

ከእርስዎ ጋር ስትቆጥር የነበረችውን የሱቁን ሠራተኛ ስም አልጽፍም፣ እሷ አላዘዘችም። ማታ ግን ነገሩን ለባህሩ በስልክ ነገርኩት። ከስንት ጊዜ በኋላ ሣቀ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ አለ። ስለዚህ ድመቷ ትመለስልኝ ያልኩትን አንስቻለሁ፤ እዚያው መጋዘን በር ላይ ሕዝቡን ታገልግል።

በመጨረሻ፣ ከሱሪዎ ላይ ዱቄት እያራገፉ ሲወጡ እኔ በታላቅ አክብሮት፣ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ድመቷ ደህና ናት?» ብዬ ጠይቄዎት ነበር። መልሱን እስከ ዛሬ እየጠበቅሁ ነው። ትናንትስ ሳል እንኳ አልመጣልዎትም።