ያልቀመስኩት ውሃ

ጥር 14
የውሃ ፈረቃችን ዛሬ ነበር። አልመጣም። ዘጠኝ ቀን ጠብቀን ቧንቧው አየር ብቻ ተፋ… ሦስት ቢጫ ጀሪካን ከታች ጉድጓድ ቀድቼ ለባለቤቴ ለሶስና አስገባሁላትና ወደ ሥራ። ሥራዬስ ምንድነው? የሸዋ ሮቢት ሆቴሎች የመታጠቢያና የማድቤት እጣቢ ተጣርቶ የሚጠጣ ውሃ የሚሆንበት ጣቢያ! ላቦራቶሪው “ከቧንቧው ይሻላል” ካለ አሥራ አንድ ወር ሆነው። ታንከሩ ሲሞላ ወደ ወንዝ እንለቀዋለን። በዚህ ሙቀት! ሰው እየተጠማ!

ለምን? ሦስት ፊርማ ስለጎደለ። የእኛ፣ የጀውሃ፣ የደብረ ሲና። እኛ ያጣራነውን በበጋ ለጀውሃ እናካፍላለን፤ እኛ ሲጎድልብን ከላይ ከደብረ ሲና ምንጭ ይወርድልናል። ለልጆቻችን ልጆች የሚተርፍ ስምምነት ነው። እስከ መጋቢት መጨረሻ ካልተፈረመ ግን ጣቢያው ይዘጋል፣ ማሽኑ ይነቀላል።

ጥር 27
ስብሰባ። የሦስቱም የጋራ ኮሚቴ ሰብሳቢ ፍፁም “በጥልቀት እንየው” አለ። ለስድስተኛ ጊዜ! ፊቱ የታሸገ ውሃ ተደርድሮለት… ሦስቱን ጨረሰ። ከደብረ ሲና የመጣው ተወካይ ደግሞ “እኛ ምንጭ እያለን እጣቢ ምን አስጠጣን?” ይላል። ደሜ ፈላ። አንተ ገላህን የታጠብክበት ቁልቁል ወዴት የሚሄድ መሰለህ? ልለው ነበር። ዋጥኩት።

የካቲት 2
ተዋረድኩ።

ሽማግሌዎች ጣቢያውን ሊያዩ መጡ። ከጀውሃ ሐጂ ሱሌይማን ነበሩ፤ የጀውሃ ገበሬ ያለሳቸው ቃል አይንቀሳቀስም። ሁሉን አስረዳኋቸው። ከዚያ በንፁህ ብርጭቆ ቀድቼ፣ በሁለት እጄ፣ ጎንበስ ብዬ ሰጠኋቸው። ያዙት። አልጠጡም።

“ምነው ሐጂ?”

“አልቀመስክልኝም፣ ልጄ።”

የሠርግ አሳላፊ እንኳ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለእንግዳ አይሰጥም። ይህን የማያውቅ አለ? “አይ፣ ላቦራቶሪው እኮ…” ብዬ ተንተባተብኩ። ብርጭቆውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ፍፁም ሳቀ። ተያይዘው ወጡ።

የካቲት 3
ቤት ውስጥ ጮህኩ። ፈሪዎች! ምቀኞች! ሶስና ሽንኩርት እየከተፈች ሰማችኝ፣ ሰማችኝና…

“ከጣቢያው አንድ ጀሪካን አምጥተህልን ታውቃለህ?”

“ፊርማው ሳያልቅ ምን ብዬ?”

“አንተስ? ጠጥተኸው ታውቃለህ?”

ኮቴን አነሳሁ።

“የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች” ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። በሩን ደርግሜው ወጣሁ።

የካቲት 4
አላናገርኳትም።

የካቲት 6
እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። መቅመሱን ረስቼ አይደለም። ፈርቼ ነው። በጣቢያው ወዲያኛው በኩል ምን እንደሚገባ በየቀኑ የማየው እኔ ነኝ… አረፋው፣ ቅባቱ፣ ሽታው። ወረቀቱን አምናለሁ፤ ሆዴ አያምንም። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ሰውን ፈሪ እያልኩ ስሳደብ… አሁን በማን ልናደድ? በራሴ! እንደዚህ በማንም ተናድጄ አላውቅም።

ትናንት ማታ ሁሉም እስኪወጡ ጠብቄ ብቻዬን ቀዳሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ጨለጥኩት። ምንም። ውሃ ነው። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሆዴን ሳዳምጥ ዋልኩ።

የካቲት 9
አንድ ጀሪካን ከጣቢያው ይዤ ገባሁ። ሶስና አየችው፤ ብርጭቆ አጥባ አጠገቡ አስቀመጠች። ልጃችን ፌቨን ከትምህርት ቤት እየሮጠች ገብታ ቀድታ አነሳች። ልነጥቃት እጄን ዘረጋሁ… ሰባት ዓመቷ ነው እኮ! በግድ መለስኩት። ግጥም አድርጋ ጠጥታ “እማ፣ ድገሚኝ” አለች። ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

የካቲት 25
ፍፁም ስብሰባውን ገፋው። “ከፋሲካ በኋላ።” ከፋሲካ በኋላ እኮ ማሽኑ የለም! ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነው? ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። እስክሪብቶዬን ልሰብረው ደረስኩ።

መጋቢት 3
ከጣቢያው አንድ ጀሪካን በሚኒባስ ጭኜ ጀውሃ ወረድኩ። ረመዳን ነው፤ ሐጂ ሱሌይማን ቤት የደረስኩት ሊያፈጥሩ ሲሉ። የእሳቸው ጉድጓድ የሚያወጣው ጭቃ ሆኗል፤ ደጃፍ ላይ ባልዲ ሙሉ ሲጠል አየሁት። ከመቀመጤ በፊት ተናዘዝኩ።

“ሐጂ፣ ያን ዕለት ያልቀመስኩልዎት እኔም ጠጥቼው ስለማላውቅ ነው።”

“ገብቶኝ ነበር” አሉ። “አሁንስ?”

“አሁን ልጄም ትጠጣዋለች።”

አዛን አለ። ቀዳሁ። መዳፌ ላይ ጠብ አደረግኩና ጠጣሁ። ደገምኩት። እሳቸው ተምር ቀመሱ፣ “ቢስሚላህ” ብለው ብርጭቆውን ተቀበሉኝ። ግማሽ ድረስ ጠጥተው ቆም አሉ።

“ምን ምን ይላል፣ ሐጂ?”

“ምንም አይልም” አሉ። “አልሐምዱሊላህ።” የቀረውን ለልጅ ልጃቸው ለናጅዋ ሰጧት።

የጀውሃ ፊርማ ነገ ነው። “የቀሩትን ሁለት የሚያዘገየው ፍፁምስ?” አልኳቸው። “እሱ ጋ አብረን እንሄዳለን” አሉኝ።

ንዴቴ አልበረደም። ይብረድም አልልም። ከነገ ወዲያ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ፍፁም ቢሮ በር ላይ ነን። ብርጭቆውን አጥቤ በጋዜጣ ጠቅልዬዋለሁ። ዓይኑ እያየ በመዳፌ እቀምስለታለሁ… ከዚያ ምን ሰበብ ያመጣ ይሆን?