አራተኛው ተሸካሚ

ከቱሉ ዲምቱ፣ በዐቢይ ጾም

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጾሙ እንዴት ይዞሃል? ሳሪስስ ተስማማህ? እኔ እግሬ እንደወትሮው አልታዘዝ ከማለቱ በቀር ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ስልክ ስደውል ስለማታነሳ ይህን ጽፌ በጎረቤታችን በሀይረዲን ሚኒባስ ልኬልሃለሁ። አንብቦ እስኪጨርስ አጠገቡ ቁም ብዬዋለሁ። ተሳፋሪ እያስጠበቅህበት ነውና ቶሎ ቶሎ አንብብ።

እጄ ድኗል። ጀሶው ተፈታ፣ ይኸው የራሴን ጽሑፍ እያየህ ነው። ያን እሑድ ቤተ ክርስቲያን ልታደርሱኝ አራታችሁ በወንበር ተሸክማችሁ ደረጃውን ስታወርዱኝ የአንተ ጥግ አምልጦ ከወደቅሁ ወዲህ ግን ደጅ አልወጣሁም። አንተም በዚያው ወደ ሳሪስ ሄደህ ቀረህ።

ቤት ስውል ወንጌል አነባለሁ። ጌታችን ማስተማር በጀመረ ሰሞን ቅፍርናሆም ላይ ያደረገውን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ እንደዚህ ሰሞን ግን ገብቶኝ አያውቅም። አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው መጡ። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ በሩ ላይ መርገጫ የለም። ጣራ ላይ ወጡ፣ ጣራውን ነደሉ፣ ሰውየውን ከነአልጋው ቁልቁል አወረዱት። የእኛ ብሎክ ኮሚቴ ቢሆን እስከ ዛሬ ስብሰባ ይጠራቸው ነበር። ጌታ ግን ትምህርቱን አቋርጠውት፣ አፈሩ ራሱ ላይ እየረገፈ፣ አልተቆጣም። እኔ ይህን ትዕግሥቱን እወድለታለሁ።

ደግሞም የተሸካሚዎቹን እምነት አየ። የእነሱን አይቶ ነው ለበሽተኛው የተናገረው። መጀመሪያም ተነሥ አላለውም፤ ኃጢአቱ እንደተተወለት ነገረው፣ መነሣቱ ከዚያ በኋላ መጣ። እኔ ብሆን እግሬን ብቻ ነበር የምለምነው። እሱ ግን ሰውየውን ከእግሩ በላይ ምን እንደከበደው አወቀ። የሕግ አዋቂዎቹ ሲያጉረመርሙ እንኳ ቃሉን አልመለሰም። ሥልጣን ያለው እንዲህ ነው፤ ይቅር ለማለት ማንንም አያስፈቅድም።

ስለዚያ እሑድ ሰፈሩ ሁሉ ሲጠይቀኝ የወንበሩ እግር ሸርተት ብሎ ነው እላለሁ። ወንበሩ ጤነኛ ነው። ጎንበስ ስትል ፊትህ ከፊቴ ስንዝር አይርቅም ነበር፣ ትንፋሽህም ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ትንፋሽ አልነበረም። ለማንም አልተናገርሁም፣ አልናገርምም። ያን ነገር ግን እባክህ ተወው።

ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ሞቲና ሶሬሳ፣ አራተኛ ሰው እንፈልግ፣ ጎረምሳ ሞልቷል ይላሉ። ሀይረዲን እንኳ፣ መስጊድ የሚሄድ ሰው፣ እኔን ቤተ ክርስቲያን ለማድረስ የወንድሙን ልጅ እንደሚያመጣ ነግሮኛል። እንቢ አልኩ። እስከ መቼ ቤት ውስጥ ልትቀመጪ ነው ብለው ተቆጡኝ። የኋላው ግራ ጥግ ባለቤት አለው አልኳቸው።

የፊታችን እሑድ መፃጉዕ ነው። ያ ለዘመናት ተኝቶ የኖረው ሰው፣ ጌታ መዳን ይፈልግ እንደሆነ ሲጠይቀው ወደ ውኃው የሚያወርደኝ ሰው የለኝም ያለው ይነበባል። እኔ እንደሱ ማለት አልፈልግም፣ ወንድም አለኝ። ሦስቱ፣ ሞቲ፣ ሶሬሳና ሀይረዲን፣ በጠዋት ይመጣሉ፤ እኔም ነጠላዬን ለብሼ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ እጠብቅሃለሁ። አትፈሪም ወይ ካልከኝ እፈራለሁ፤ ደረጃው ገና ሳስበው ያዞረኛል። ቢሆንም አንተ ካልያዝከኝ አልወርድም።

እግዚአብሔር እጅህን ያጽናልህ። የእናታችን ጸሎት አይለይህ።

እኅትህ