መልስ የሚጠብቁ መስለውን ያለፉት መምህርት መቲ አዱኛ

መምህርት መቲ አዱኛ ከአባታቸው ከኦቦ አዱኛ ዋቅጋሪና ከእናታቸው ከአዴ ደራርቱ ቶሌራ በ1973 ዓ.ም. ጊንጪ አቅራቢያ፣ ጭልሞ ደን ጥግ ተወለዱ። ይህን የምጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ነኝ። በዚህ ዕድሜያቸው የሕይወት ታሪካቸውን እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ትምህርታቸውን በጊንጪ ተከታትለው በ1995 ዓ.ም. በኬሚስትሪ በዲፕሎማ ተመረቁ። ጉደር ሲያስተምሩ ከጤና ባለሙያው ከአቶ ፈይሳ ገቢሳ ጋር ተዋውቀው በ1999 ዓ.ም. ተጋቡ፤ ሞቲንና ለንሳንም ወለዱ። በክረምት ተምረው ዲግሪያቸውን ከያዙ በኋላ በ2006 ዓ.ም. ወደ አምቦ ተዛወሩ።

በአዲሱ ትምህርት ቤታቸው አሲድና ቤዝን የሚለይ ኬሚካል አልነበረም። እሳቸው ግን ቀይ ጥቅል ጎመን እየቀቀሉ ውሃውን በሃይላንድ ይዘው ክፍል ይገቡ ጀመር። ሎሚ ሲነካው ሮዝ፣ የአመድ ውሃ ሲነካው አረንጓዴ ይሆናል። ከሁሉ የሚወዱት ግን የአምቦን የምንጭ ውሃ ነበር፤ እንደተቀዳ ቀለሙን እምብዛም አይለውጠውም፣ ፈልቶ ጋዙ ሲወጣ ግን ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል። በዚህ የተነሳ እንደ ጋዋን ከሚደርቧቸው ከአቶ ፈይሳ ሸሚዞች አንዱም ከጎመን ቀለም አልተረፈም።

አንድ ጥብቅ ልማድ ነበራቸው። ጠብታዋን ከጨመሩ በኋላ ፊታቸው መልሱን እንዳያሳብቅባቸው ጠረጴዛው ላይ አቀርቅረው ዝም ይላሉ። ክፍሉ በቀለሙና በምክንያቱ እስኪስማማ ድረስ ማንም ከቦታው አይነሳም።

ኅዳር 18 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት ቁርሳቸውን በልተው፣ ከለንሳ ጋር ተሳስቀው ከቤት ወጡ። በሕይወት ታሪክ በዚህ ቦታ «በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ተብሎ ይጻፋል፤ ለእሳቸው ግን የምንጽፈው የለንም። አልታመሙም። ክፍል ገብተው አቼቶ ላይ የጎመኑን ውሃ ጠብ አደረጉና አቀረቀሩ።

ልጆቹ «ሮዝ ነው፣ ቲቸር!» አሉ። እሳቸው ዝም አሉ። «አሲድ ስለሆነ ነው!» አሉ። አሁንም ዝም። ምክንያቱ አልበቃቸውም ብለው እርስ በርስ ተከራከሩ፣ ሌላ ምክንያት ጨመሩ። ደወል ተደውሎም ቀና ሳይሉ ሲቀሩ የክፍሉ አለቃ ሐምዲያ ሄዳ ትከሻቸውን ነካች። አርፈው ነበር።

እስካሁን ማመን አቅቶናል። ድንጋጤው ገና ከላያችን አልወረደም።

አቶ ፈይሳ ሐኪሙን ደጋግመው ጠይቀዋል። መልሱ አንድ ነው፤ ልባቸው የቆመው በቅጽበት ነው፣ ወዲያው ቢደረስላቸውም አይተርፉም ነበር። ተማሪዎቹ ግን ይህን አልሰሙም። ሐምዲያ እህል አልቀመሰችም። ለቅሶ ቤት መግባት ፈርተው ሁሉም ከአጥር ውጭ ቆመው ዋሉ፤ ይህ በድምፅ ማጉያ ሲነበብም ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ናቸው።

መምህርት መቲ እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እኔንና እነዚህን ተማሪዎቻቸውን ትተው አልፈዋል። ጌታ ነፍሳቸውን በእቅፉ ያሳርፍ፤ እኛንም ያጽናን።

ልጆች፣ የቤተሰቡ ቃል ይህ ነው፦ ምንም አላጠፋችሁም። ሳጥናቸውን እስከ መቃብር የምትሸከሙት እናንተ ናችሁ። ሌላ ሰው አልመደብንም። ግቡ።