አንተን ማንም አይጠይቅህም ነበር

ውድ አኒሴ፣

ተቆጥቼብሃለሁ፤ ሰላምታው ይቆየን። እዚህ በሰው አገር፣ ዶርትሙንድ ላይ ዘንድሮም በረዶ ጥሏል። በረዶ በጣለ ቁጥር ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ እገኛለሁ። አሁን በክፍልህ የሚኖረው ልጅ ኮሽታ እንኳ የለውም፤ እኔ ግን ያንተን እንጉርጉሮ እሰማለሁ።

ሲያምህ አታቃስትም ነበር፤ ታንጎራጉራለህ። እኔ ሞኟ ደስ ብሎት ነው እያልኩ ግድግዳውን እደበድብ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ብርድ ምን ያዘፍንሃል?» ስልህ፣ «ምቀኛ! ድምፅ የነሳሽ እኔ ነኝ እንዴ?» ትለኛለህ። እስቅ ነበር።

እህትህ ዶሪያን መጥታለች። እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ቤት እስክታገኝ እኔ ጋ አርፋለች። ቅዳሜ ለምሳ ፕላንቴን ሙዝ ስጠብስ ከመታጠቢያ ቤቱ ያ እንጉርጉሮ ተሰማኝ። ያው ዜማ፣ ያው መቆራረጥ። አኒሴ፣ መጥበሻውን ጥዬ ሮጥኩ። በሩን ስከፍተው ዶሪያን መሬት ላይ ተቀምጣ እግሯን በፎጣ ጠቅልላለች።

«ምን ሆነሻል?»

«ምንም። እየዘፈንኩ ነው።»

«እሱን ዘፈን አውቀዋለሁ» አልኳት።

ለካ እሷም ሲክል ሴል አለባት። ያ ብርድ ሲነካው አጥንት የሚያሳምመው የደም በሽታ ሁለታችሁንም አልማራችሁም። እናታችሁ ከአገር ቤት፣ ከባፉሳም ስትሸኛት ለአንተ ያለችህን ደግማላታለች፦ «ደማችን መታመሙን ለሰው እንዳትተነፍሺ። ማን ያገባሻል? የአክስቶችሽን ልጆችስ ማን ያገባቸዋል?» እኛ ዘንድ በሽታ የቤት ገመና አይደል?

እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ኢሌር መጣ። አዲስ ለመጣ ተማሪ ሁሉ የግል የጤና ኢንሹራንስ የሚሸጠው የአገራችን ልጅ፤ አንተንም ያስፈረመህ።

«እህቴ፣ የመንግሥቱ ኢንሹራንስ ለሀብታም ነው» አላት። «የግሉ በጣም ይረክሳል። ሕመም አለብሽ ወይ ሲሉሽ የለብኝም ትያለሽ፣ አለቀ። ወንድምሽም እንደዚሁ ነው ያለው።»

«ወንድሜ ካለውማ እኔም እላለሁ» አለች፣ እስክሪብቶውን እያነሳች።

«አንዴ ከመንግሥቱ ከወጣሽ ተማሪ እስከሆንሽ ድረስ መመለስ የለም» አልኳት።

«ኧረ ኤድዊዥ፣ እንደ አሮጊት አትነዝንዢኝ!»

ያኔ የመጨረሻ ቀንህ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። አምቡላንስ ልጥራ ስልህ እጄን ጨምድደህ ይዘህ፣ «ተይ! ደሜን ካዩ መዋሸቴ ይታወቃል። ኢንሹራንሱ አልከፍልም ይላል፣ ከትምህርቴ እባረራለሁ» አልክ። ይለፍልኛል ብለህ አንጎራጎርክ። እምቢ ብዬ ስጠራቸውም ረፍዶ ነበር። የአምቡላንሱ ሰዎች በሩን ከፍተው ሲገቡ፣ «በምን እንደሞትኩ እናቴ እንዳትሰማ» ብለህ አስማልከኝ። ለእናትህ «ድንገተኛ ነው» አልኳት።

እሑድ መሐላህን አፈረስኩት። ኢሌር ፊት፣ ሁሉንም፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ኢሌር «እኔ ምን አውቄ» እያለ ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ። ዶሪያን አላለቀሰችም። «ውሸታም ነሽ፤ ወንድሜ ሐኪም በሞላበት አገር በር ዘግቶ አይሞትም» አለችኝና ፊቷን አዞረች። እራትም አልበላች። በቃ፣ አጣኋት አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ስነሳ ካፖርቷን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች።

«የመንግሥቱ ቢሮ የት ነው? ነይ አሳዪኝ፣ ነዝናዛ።»

ቢሮው ውስጥ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ስሟን፣ አድራሻዋንና የተማሪ መታወቂያዋን ጠየቋትና «ጨርሰናል፣ የኔ ልጅ» አሏት። ዶሪያን አልተነሳችም።

«ስለ ጤናዬ አልጠየቁኝም» አለች።

«አንጠይቅም።»

«ታማሚ ብሆንስ?»

«ብትሆኚም ያው ነው። ክፍያውም ያው፣ ሕክምናውም ያው።»

ዶሪያን ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ሲክል ሴል አለብኝ። ወንድሜም ነበረበት» አለች። እዚያው ወንበሩ ላይ እንባዋ ወረደ። ሴትየዋ ምን እንዳስለቀሳት አልገባቸውም፤ ሶፍት ሰጧት።

አኒሴ፣ አንተንም እኮ እዚያ ወንበር ላይ ብትቀመጥ ማንም አይጠይቅህም ነበር።

ከእንግዲህ እንጉርጉሮ ስሰማ ግድግዳ አልደበድብም። በሩን እከፍታለሁ።

መሐላህን ያፈረሰችው ጎረቤትህ፣
ኤድዊዥ